በብርሃን የሚዞረው ተንሳፋፊ ሞተር፦ ታሪኩና በአርሲ ደጋ ትምህርት ቤቶች ሊኖረው የሚችለው ስፍራ

በፊዚክስ ትምህርት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሲዞር የኖረበት ዘመን ረጅም ነው። መምህሩ የማግኔቱን ሁለት ዋልታዎች፣ በመካከላቸው ያለውን ጥቅል ሽቦና የኃይሉን አቅጣጫ የሚያመለክተውን ቀስት በጠመኔ ይስላል፤ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ ለፈተናም ያጠናል። ኤሌክትሪክ ባልገባበት የገጠር ትምህርት ቤት የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኤሌክትሪክ በገባበትም ቢሆን መምህሩ ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ለሙከራ አያስነካም፤ ባያስነካም ልክ ነው። የባትሪ ድንጋይ ገዝቶ የሚያሠራው አለ፤ ነገር ግን ድንጋዩ በሳምንት ያልቃል፤ የሚተካበት ገንዘብም በትምህርት ቤቱ በጀት ውስጥ ስም የለውም። ከአሰላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት ወገን በምትገኘው በሲሬና በአካባቢዋ ላሉ መምህራን ይህ ሁሉ አዲስ ወሬ አይሆንም። ድንጋይም ሶኬትም የማይፈልግ፣ ባለ ቀላል እጅ የሚሠራው፣ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ የሚዞር አንድ አነስተኛ ሞተር ታሪክ ለነዚህ መምህራን ሊነገር የሚገባው ስለዚህ ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት የዘመን ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ይህ ሞተር በውጭ አገር የሜንዶሲኖ ሞተር በመባል ይታወቃል። አሠራሩ ሲታይ ከተአምር የሚቆጠር ይመስላል። አንድ ቀጭን ዘንግ በአየር ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል፤ በዘንጉ ወገብ ላይ አራት ማዕዘን ያለው ቀላል አካል አለ፤ በአራቱም ጎኖቹ ላይ አራት የፀሐይ ሴሎች ተለጥፈዋል። በሴሎቹ ሥር ከቀጭን የመዳብ ሽቦ የተሠሩ ሁለት ጥቅሎች፣ ባለሙያዎቻችን ቦቢና የሚሏቸው፣ እርስ በርሳቸው ተሻግረው ተጠቅልለዋል። ከዘንጉ በታች በመቀመጫው ላይ አንድ ማግኔት ተቀምጧል። ብርሃን ሲያርፍበት አካሉ መዞር ይጀምራል፤ በእጅ ሲጋረድ ይቆማል።

የሥራው ምሥጢር በሴሎቹ አያያዝ ላይ ነው። ፊትና ኋላ ሆነው የሚተያዩት ሁለት ሴሎች ከአንድ ጥቅል ሽቦ ጋር የተገናኙ ናቸው፤ ነገር ግን የአንዱ አዎንታዊ ጫፍ ከሌላው አሉታዊ ጫፍ ጋር ተያይዟል። አንደኛው ሴል ብርሃን ሲያገኝ ጅረቱ በሽቦው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ከታች ያለው ማግኔትም ያንን ሽቦ ይገፋል፤ አካሉ ይዞራል። ሩብ ዙር እንደዞረ የሚቀጥለው ሴል ለብርሃን ይጋለጥና የሁለተኛው ጥቅል ተራ ይደርሳል። ግማሽ ዙር ሲሞላ ደግሞ የፊተኛው ሴል ወደ ጨለማው ወገን ዞሮ ተቃራኒው ሴል ብርሃኑን ይቀበላል፤ በዚያው ጥቅል ውስጥ ጅረቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። በተለመደው ባለ ቀጥታ ጅረት ሞተር ውስጥ ይህን የአቅጣጫ ለውጥ የሚያደርገው ከዘንጉ ጋር የሚፋተገው የካርቦን ብሩሽ ነው። እዚህ ግን ብሩሹን የተካው ብርሃንና ጥላ ነው። ዲናሞ ፈትቶ ያየ ተማሪ የቱ ክፍል እንደጎደለ ወዲያው ይጠይቃል፤ ጥያቄው ራሱ የትምህርቱን ግማሽ ያህል ይሸፍናል።

ወደዚህ መሣሪያ ያደረሱት እርምጃዎች ከአንድ መቶ ሰባ ዓመት በላይ ወስደዋል። በ1820 የዴንማርኩ ሃንስ ክርስቲያን ኦርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አስተዋለ። በተከታዩ ዓመት እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ሽቦን በማግኔት ዙሪያ ያለማቋረጥ ማዞር እንደሚቻል በሙከራ አሳየ። በ1839 ደግሞ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ፈረንሳዊ ወጣት ኤድሞን ቤክሬል በፈሳሽ ውስጥ ከተነከሩ የብረት ሰሌዳዎች ላይ ብርሃን ሲያርፍ ጅረት እንደሚገኝ ተመለከተ። በ1883 ቻርልስ ፍሪትስ የተባለ አሜሪካዊ ከሴሌኒየም የተሠራ የፀሐይ ሴል ሠራ፤ ይሁን እንጂ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። ነገሩ ለሰባ ዓመት ያህል ከቤተ ሙከራ ጉጉት አላለፈም።

ለለውጡ መነሻ የሆነው የስልክ ችግር ነበር። በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ባልደረባ የነበረው መሐንዲስ ዳሪል ቻፒን ሞቃትና እርጥበት በበዛባቸው አገሮች የስልክ መስመር መሣሪያዎች ደረቅ ባትሪ ቶሎ እየተበላሸባቸው ስለተቸገሩ ሌላ የኃይል ምንጭ እንዲፈልግ ታዘዘ። መጀመሪያ በሴሌኒየም ሞከረ፤ አልሆነለትም። በዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ኬሚስቱ ካልቪን ፉለርና ፊዚሲስቱ ጄራልድ ፒርሰን ለሌላ ሥራ ብለው ሲሊኮንን ከባዕድ ንጥረ ነገሮች ጋር ሲያዋሕዱ ቆይተው ነበርና ሦስቱ ተባበሩ። በኤፕሪል 25 ቀን 1954 ለሕዝብ ባሳዩት ጊዜ ሴላቸው ከመቶ ስድስት እጅ ያህሉን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር። በዕለቱ ለጋዜጠኞች ማሳያ እንዲሆን የመረጡት አንድ የሚሽከረከር የልጆች መጫወቻና አንድ የሬዲዮ ማሰራጫ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ቫንጋርድ አንድ የተባለችው ሰው ሠራሽ ሳተላይት የፀሐይ ሴል ተሸክማ ወደ ሕዋ ወጣች።

እስከዚህ ያለው የታወቀ ታሪክ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የማይጠቀሰው ግን ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው የቻፒን ቀጣይ ሥራ ነው። በ1962 የቤል ቤተ ሙከራ ስለ ፀሐይ ኃይል ለተማሪዎች የሚሆን የሙከራ ዕቃ ሲያዘጋጅ ቻፒን በብርሃን ብቻ የሚቀያየር ሞተር እንዴት እንደሚሠራ በዚያ ውስጥ ገለጠ። የእርሱ ሞተር አልተንሳፈፈም፤ አንድ የብርጭቆ ሲሊንደር በመርፌ ጫፍ ላይ ተደፍቶ ቀጥ ብሎ ይዞር ነበር። የመርፌ ጫፍ ሰበቃው እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ደካማው የሴሎች ኃይል በቃው። ከዓለም ታላላቅ ግኝቶች በአንዱ ስሙ የተጠራ መሐንዲስ ግኝቱን በስምንት ዓመት ውስጥ ወደ ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ማውረዱ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ሞተር ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ተቀንሶ ለልጆች የቀረበበት አይደለም፤ ከመነሻው ለማስተማር የታሰበ ነው።

መንሳፈፉ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በካሊፎርኒያ የባሕር ጠረፍ፣ በሜንዶሲኖ አውራጃ፣ ፎርት ብራግ በምትባል አነስተኛ ከተማ ላሪ ስፕሪንግ የሚባል የቴሌቪዥን ሻጭና ጠጋኝ ነበር። ይህ ሰው በ1994 የቻፒንን አሳብ ይዞ ዘንጉን አጋደመውና በመርፌው ፋንታ ማግኔት ተካ። በዘንጉ ሁለት ጫፎች ላይ ቀለበት ማግኔቶች አደረገ፤ በመቀመጫው ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ዋልታቸው ወደ ላይ የሚመለከት ማግኔቶችን አስቀመጠ። ተመሳሳይ ዋልታዎች ስለሚገፋፉ ዘንጉ በአየር ላይ ቀረ፤ ኩሽኔታም ዘይትም አላስፈለገውም። ሞተሩም የአገሩን ስም ይዞ ቀረ። ስለ ብርሃንና ስለ ማግኔት ስፕሪንግ የራሱ የሆነ ንድፈ አሳብ ነበረው፤ የፊዚክስ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ሞተሩ ግን በማንኛውም የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ በሰፈረው ሕግ ይሠራል፤ የሠሪው ንድፈ አሳብ ሳይጸና የእጁ ሥራ የሚጸናበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ ይታያል። ማግኔቶቹም ቢሆኑ ዘመን የወለዳቸው ነበሩ፤ ኒዮዲሚየም የተባለው ማዕድን ያለባቸው ብርቱ ማግኔቶች የተገኙት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። የሞተሩን ሥዕል ያየ ሰው ዘንጉ ምንም ሳይነካው እንደተንሳፈፈ ይገምታል። በቅርብ ሲታይ ግን የዘንጉ አንድ ጫፍ ሾሎ አንድ የመስታወት ግድግዳ ይነካል። ግድግዳው ቢወሰድ ዘንጉ ወዲያው ወደ ጎን ተወርውሮ ይወድቃል። ይህ የሠሪው ድክመት አይደለም። ሳሙኤል ኧርንሾ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና የሒሳብ ሊቅ በ1842 ባሳተመው ጽሑፍ በማይንቀሳቀሱ ቋሚ ማግኔቶች ብቻ አንድን አካል በሁሉም አቅጣጫ አጽንቶ ማንሳፈፍ እንደማይቻል በሒሳብ አረጋግጧል። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢጸና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይናወጣል። ስለዚህ ሠሪው ማግኔቶቹን ጥቂት አሸጋሽጎ ዘንጉ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን እንዲገፋ ያደርገውና በዚያ ወገን መስታወት ያቆምለታል። ግድግዳውን ለማስቀረት የደከመ ተማሪ በመጨረሻ የኧርንሾን ሕግ በእጁ ይደርስበታል፤ መምህሩም ቸኩሎ መልሱን ባይነግረው ይመረጣል።

ከዚህ የሚከተለው ለዕቅድ ባለሙያዎች ነው። ያለ ነዳጅና ያለ ብርሃን በማግኔት ብቻ ዘላለም ይዞራል የሚባል ሞተር ሥዕል በየጊዜው እየተዘዋወረ ወጣቶችን ያደክማል፤ አንዳንዱም ገንዘብ ይጠየቅበታል። ተንሳፋፊው የፀሐይ ሞተር ከዚህ ጋር ሊቀላቀል አይገባም። ማግኔቶቹ ዘንጉን ይሸከማሉ እንጂ ኃይል አይሰጡም፤ ጠረጴዛ የተቀመጠበትን መጽሐፍ እንደሚሸከም ማለት ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከብርሃኑ ነው፤ እርሱም እጅግ ጥቂት ነው። ስሌቱ በአሥረኛ ክፍል ተማሪ አቅም ይሠራል። በጠራ ቀትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል። ወርዱ 4፣ ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴል ከዚህ የሚደርሰው 2.4 ዋት ነው። ሴሉ ከመቶ 15 እጅ ቢለውጥ 0.36 ዋት ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ከ30 ሜትር ጉድጓድ ለማውጣት 294,000 ጁል ያስፈልጋል። በ0.36 ዋት፣ ያለ አንዳች ብክነት፣ 227 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በቀን ስድስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢገኝ ከሠላሳ ሰባት ቀን በላይ ማለት ነው። ብክነቱ ሲታሰብ ደግሞ ጨርሶ አያወጣም። እንዲህ ያለ ሞተር የመንደር ውኃ ይስባል ብሎ ፕሮጀክት የሚያቀርብ ሰው ቢኖር መልሱ በዚሁ ስሌት ውስጥ አለ።

የፀሐይ ኃይል ለቁም ነገር የዋለበት ታሪክ በአገራችን ሌላ መንገድ ተከትሏል። «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለው የአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት መጥሪያ ሲነገር ፀሐይቱ ለጎብኚ እንጂ ለመብራት አልታሰበችም ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተካሄደው የኢነርጂ ጥናት በኢትዮጵያ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ ከአምስት ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የፀሐይ ኃይል እንደሚያርፍ አሳየ። በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በምትገኘው በሚቶ መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ሴል ጣቢያ ተተከለ፤ በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ ለሦስት መቶ ያህል አባወራዎች፣ ለውኃ መሳቢያና ለእህል ወፍጮ እንዲውል ተደረገ። ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ወደ አገሪቱ ከገቡት የፀሐይ ሴሎች አብዛኛዎቹን የወሰደው የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት ነበር፤ ሩቅ በሆኑ ተራሮች ላይ የተተከሉ የስልክ ማስተላለፊያዎች ባትሪያቸውን የሚሞሉት በፀሐይ ነው። ቻፒን በ1950ዎቹ የተላከበት ችግር መፍትሔ በኢትዮጵያ ተራሮችም ላይ ለዚያው ሥራ ዋለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ሬማ በተባለች የገጠር ከተማ በየቤቱ አነስተኛ የፀሐይ መብራት ተተክሎ፣ ተካዮችና ጠጋኞች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም እዚያው ተከፈተ። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ይህ የመጨረሻው ይመስላል፤ ሴሉን ማስገባት ቀላል ሆኖ የሚጠግነውን ሰው ማግኘት ከባድ ነውና።

አርሲ በዚህ ረገድ የተለየ ቦታ አላት። በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ በአዋሽ ላይ፣ ከደጋው ግርጌ ነው፤ በ1988 ሥራ የጀመረው የመልካ ዋከና ጣቢያም በአርሲና በባሌ መካከል በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ ነው። ኃይል ማመንጫዎቹ እንዲህ ቅርብ ሆነው ሳለ የኤሌክትሪክ መስመሩ ለብዙ ዓመት ከተማውን እየተከተለ የገጠሩን መንደር አልፎ ሄዷል።

በዚያው ደጋ ላይ ስለ ቀላል ቴክኖሎጂ የተካሄደ አንድ ታላቅ ሙከራ ነበር። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1967 አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ካዱ፣ ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጋር የእርሻ መሣሪያ ምርምር ክፍል ነበረው። ክፍሉ የተሻሻለ ማረሻ፣ መከስከሻና በበሬ የሚጎተት ጋሪ እየሠራ ይሞክር ነበር። ዘሩና ማዳበሪያው በፍጥነት ሲስፋፉ መሣሪያዎቹ ግን ወደ ኋላ ቀሩ። ገበሬው የእንጨት ማረሻውን ራሱ ይጠርበዋል፣ ሲሰበር ራሱ ይተካዋል፣ በትከሻው ተሸክሞ ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳል፤ አዲሱ ከባድና ባለ ዋጋ ነበር። አንድ ዕቃ ከቦታው ጋር የሚዋሐደው ሲሰበር የሚጠገንበት እጅና የሚተካበት ዕቃ በአቅራቢያው ሲገኝ ብቻ መሆኑን አሰላ ከማንም ቀድማ አይታለች።

ይኸው መመዘኛ ለትምህርት መሣሪያም ይሠራል። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት ዓላማቸው መምህራን በአካባቢው ከሚገኝ እንጨት፣ ካርቶን፣ ቆርቆሮና ሸክላ የትምህርት መርጃ እንዲሠሩ ነበር። ብዙ ካርታ፣ ብዙ የአካል ክፍል ሥዕል፣ ብዙ የሒሳብ መቁጠሪያ ተሠራ፤ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ግን ጥቂት ነበር፤ የኃይል ምንጩ ችግር ነውና። የአውራጃ አስተዳደር ከቀረ በኋላ አሳቡ በየትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ እንደ ምንም ቆየ። በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር ተማሪው የሳይንስ ሙከራን በመስኮት እንደሚያይ እንግዳ በመስታወት ውስጥ ተመለከተ። ሙከራው በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ክፍል ውስጥ ተሠራ፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ጠፋ። ማበልጸጊያ ማዕከሉ የጀመረውን ፕላዝማው አልተካውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተንሳፋፊውን ሞተር በእንዲህ ያለ ማዕከል መሥራት ይቻል እንደሆን ዕቃውን መቁጠር ይበቃል። ቀጭኑ ባለ ቀለም መዳብ ሽቦ ከተቃጠለ ዲናሞ ወይም ትራንስፎርመር ይፈታል። ለመቀመጫው የሚሆነው ማግኔት ከተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ይገኛል። የፀሐይ ሴል በየሱቁ ከሚሸጡት አነስተኛ የፀሐይ ፋኖሶች ሲበላሹ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ባትሪው ይሞታል እንጂ ሴሉ ደኅና ነው። ዘንጉ ቀጭን የብስክሌት ሽቦ ወይም ቀጥ ያለ ሸምበቆ፣ አካሉም ካርቶን ሊሆን ይችላል። የሚያስቸግረው ለመንሳፈፊያ የሚሆኑት ቀላልና ብርቱ ቀለበት ማግኔቶች ናቸው፤ የድምፅ ማጉያው ማግኔት ለዘንግ ይከብዳል። እነዚህ ካልተገኙ መንገዱ ወደ ኋላ ነው፤ የቻፒን የመርፌ ጫፍ። አንድ ቀላል የብርጭቆ ጠርሙስ በመርፌ ላይ ተደፍቶ ቢዞር ከተንሳፋፊው ያነሰ ያስደንቅ ይሆናል እንጂ ያነሰ አያስተምርም። ለወረዳ በጀት የሚያስብ ሰውም ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

የፀሐይቱ ነገር የቀረ ነው። ሲሬ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከስምንት ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ 58 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትቆማለች፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን አልፋ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ለቀትር ሙከራ ዘንጉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢጋደም ብርሃኑ በየትኛውም ወር ከጎን ወደ ጎኑ ያርፍበታል፤ ለጧት ክፍለ ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ማዞር ያስፈልጋል። ፀሐይ በአናት ላይ ቆማ ቀጥ ያለ ዱላ ጥላ የሚያጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ሁለተኛው በነሐሴ መጨረሻ ገደማ። የነሐሴው በደመናና በዕረፍት ያልፋል፤ የሚያዝያው ግን ተማሪው በክፍል ውስጥ ሳለ ነው።